የያዛችሁት ንብረት ዛሬ ስንት ያወጣል? ከኮንዶሚኒየም እስከ ማርያ ቴሬዛ ብር

የአንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ዋጋ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። ደላላው ያስጎመጃችኋል። የባንኩ መሐንዲስ ያስደነግጣችኋል። ገዢው ደግሞ ሁለቱንም ሰምቶ ሲያበቃ "እሺ፣ የመጨረሻ ስንት ነው?" ይላል። ሦስቱም ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ የነገራችሁ ለራሱ ሥራ የሚሆነውን ዋጋ ነው።

ዋጋ መጥራት ማንንም አያስከፍልም። ለዚህ ነው ሰው ስንት ጠራ ከሚለው ይልቅ ሰው ስንት ከፈለ የሚለውን መፈለግ ያለባችሁ። ቤትም ይሁን መኪና፣ አክሲዮንም ይሁን ወርቅ፣ ከአያት ሣጥን የወጣ የድሮ ብርም ቢሆን ፍለጋው ያው ነው። መንገዱ ግን ይለያያል፣ እናም አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለጋችሁት ወስኑ

ለመሸጥ ከሆነ የምትፈልጉት አንድ ገዢ ዛሬ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለውን ነው። ለብድር ከሆነ የእናንተ ግምት ብዙም ቦታ የለውም፤ ባንኩ የራሱን መሐንዲስ ልኮ የራሱን ቁጥር ይይዛል፣ ብድሩ ባይመለስ ቤቱን ቶሎ ሸጦ የሚወጣበትን ስለሚያስብም ዝቅ ማድረጉ አይቀርም። ለውርስ ወይም ለፍቺ ከሆነ ሁሉም ወገን የተስማማበት ገለልተኛ ገማች ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ እህትና ወንድም ዓመት ሙሉ ይኳረፋሉ። ለቪዛ ከሆነ ማህተም ያረፈበት የግምት ወረቀት እንጂ የሰፈር ወሬ አይጠቅማችሁም። እንዲሁ ለራሳችሁ ለማወቅ ከሆነ ደግሞ ማንንም ሳትከፍሉ ከዚህ በታች ባለው መንገድ ጥሩ ግምት ላይ ትደርሳላችሁ።

ዋጋ ስትጽፉ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ስለዚህ "ጎረቤታችን በ2015 እንዲህ ሸጠ" የሚለው ወሬ ለጨዋታ ካልሆነ በቀር ዛሬ ለምታወጡት ዋጋ አይረዳችሁም።

ቤት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እናንተ የምትሸጡት ግንባታውንና የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ከማየታችሁ በፊት ካርታውን አውጡና ተቀመጡ። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ስንት ቀርቷል? ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ስለሆነ ዘመኑ ራሱ ብዙ አያሳስብም፤ ቀሪ ክፍያው ግን ገዢው ላይ ስለሚዞር ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ካርታው ላይ ያለው ካሬ መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ አለ? ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ዕዳው አልቋል? የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ አልፏል? ካላለፈ ስም ማዞር ስለማይቻል ቤቱ ሰው በውክልና "የሚሸጠው" ዓይነት ይሆናል፣ ያ ዋጋ ደግሞ የአደጋ ዋጋ ስለሆነ ከእናንተ ቤት ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ ማስታወቂያ ሰብስቡ። ቴሌግራም ላይ ያሉ የቤት ቻናሎች፣ ጂጂ፣ ፌስቡክ፣ ሁሉም ይሆናል። የምትፈልጉት በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዓይነት፣ በተቀራራቢ ካሬ ያለውን ብቻ ነው። አያት ያለን ቤት ከገርጂ ጋር ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው፤ እዚያው ሰፈር ውስጥ እንኳ አስፋልት ዳር ያለውና ኮብልስቶን ውስጥ የገባው አንድ አይደሉም። እስከ አሥር የሚሆኑ ማስታወቂያዎች ያዙና ዋጋቸውን ለካሬያቸው አካፍሉ። ከዚያ ቻናሎቹን ለጥቂት ሳምንታት ተከታተሉ። የትኛው ቶሎ ጠፋ? የትኛው ነው "ዋጋ ተቀንሷል" ተብሎ ተመልሶ የመጣው? ለወራት ሳይነሳ የቆየ ማስታወቂያ የሚነግራችሁ ነገር አለ፣ በዚያ ዋጋ ገዢ የለም።

ሪል እስቴት ላይ ስለ ካሬው ተጠንቀቁ። አልሚዎች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በግሮስ ነው፣ ማለትም ደረጃው፣ ኮሪደሩና የሊፍቱ ቦታ ተካፍሎ ይደመርበታል። 100 ካሬ ተብሎ የተሸጠ አፓርታማ 20 በመቶው የጋራ ቦታ ከሆነ ውስጡ 80 ካሬ ነው። በግሮስ 100,000 ብር በካሬ የተባለው በኔት፣ ማለትም በውስጡ ካሬ ብቻ ሲሰላ፣ 125,000 ሆነ ማለት ነው። የአንዱን ግሮስ ከሌላው ኔት ጋር ካወዳደራችሁ ሂሳቡ በሙሉ ይበላሻል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፣ የተሸጠበትን ዋጋ ማግኘት። እዚህ አገር የሽያጭ ውል የሚጸድቀው በሰነዶች ማረጋገጫ ነው፣ ግን ውሉ ላይ የተጻፈው ብርና ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው ብር ብዙ ጊዜ እንደማይገናኙ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የውል ወረቀት ያሳየ ሰው ሁሉ ዋጋ አሳየ ማለት አይደለም። ይልቅ ሰፈሩ ውስጥ በቅርብ የሸጠ ወይም የገዛ ሰው ፈልጉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጊቢው ኮሚቴና ጥበቃዎቹ ማን ገብቶ ማን እንደወጣ ያውቃሉ። ደላላን ደግሞ በሁለት በኩል ጠይቁ። አንዳችሁ ገዢ ሆናችሁ "እዚህ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ በስንት ይገኛል?" በሉ፤ ሌላችሁ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስልክ፣ ሻጭ ሆናችሁ "ቶሎ ብሸጠው ስንት ታስጨርስልኛለህ?" በሉ። እውነተኛው ዋጋ በሁለቱ መልሶች መሃል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለሻጩ ወደተነገረው ይጠጋል። ስለ ሌላ ቤት ሲነግራችሁም "ቀብድ ተከፍሏል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀብድ ያልተከፈለበት ስምምነት ገና ወሬ ነው።

ጨረታ ሌላው ጥሩ ምንጭ ነው። ባንኮች ብድር ያልተመለሰበትን መያዣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጣቸው ሥልጣን በሐራጅ ሲሸጡ ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ያወጣሉ። ሪፖርተርን ወይም አዲስ ዘመንን ገለጥ ብታደርጉ የቦታው ስፋት፣ የካርታ ቁጥሩ፣ ክፍለ ከተማውና መነሻ ዋጋው በሰንጠረዥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። መነሻ ዋጋው ዝቅተኛው ወለል ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ ሐራጅ ካያችሁ በመጀመሪያው ጊዜ በዚያ ዋጋ የሚገዛ አልተገኘም ማለት ነው፣ ይኼም ራሱ መረጃ ነው። ለባዶ መሬት ደግሞ የአዲስ አበባ የሊዝ ጨረታ አሸናፊ ዋጋዎች በካሬ ይወጣሉ። እነሱን ስታነቡ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ተጫራቹ ያን ሁሉ ብር በአንድ ጊዜ አይከፍልም፤ ቅድሚያ የሚከፍለው ድርሻ ነው፣ ቀሪውን በዓመታት ይከፍላል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ ያያችሁት ያ አስደንጋጭ የካሬ ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥ ነባር ይዞታ ጋር ቀጥታ አይወዳደርም።

ከዚያ መጨመርና መቀነስ ነው። ሊፍት በሌለው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ላይ ዝቅ ያለ ፎቅ ይወደዳል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃ በጀሪካን ያወጣ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሜትር ቆጣሪው የራሱ ነው? ሴራሚክ፣ የኩሽና ካቢኔትና ቁም ሣጥን ያወጣችሁበትን ያህል አይመልሱም። የእናንተ ጣዕም የገዢው ጣዕም ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ገዢ ገብቶ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ያንኑ ነው።

ኪራዩንም እንደ ማረጋገጫ ተጠቀሙበት፣ የዓመት ኪራዩን ለቤቱ ዋጋ አካፍሉና በሌላ ሰፈር ካለው ጋር አስተያዩት። ግን በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ጭማሪውን በመንግሥት ተመን ስላሰረው ኪራዩ ብቻውን ገበያውን አያሳይም።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ የምትኖሩበትን ቤት ዋጋ ማወቅ ለእናንተ በጣም ይቀላል፤ እዚህ ያለውን ግን በዚያ ዓይን አትዩት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ የተሸጠበት ዋጋ በመንግሥት መዝገብ ላይ ማንም ሊያየው ይችላል። ቴክሳስ ላይ ግን ሕጉ የሽያጭ ዋጋን ይፋ ማድረግ ስለማያስገድድ ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ በወኪል በኩል መጠየቅ ይኖርባችኋል። እንግሊዝ ውስጥ የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤቱ የተሸጠበትን ዋጋ በነፃ ያወጣል። የአሜሪካው የቤት ድረ ገጽ ዚሎው የሚሰጠው ቁጥር በኮምፒውተር የተገመተ ነው፤ ለሽያጭ ላልወጣ ቤት ግምቱ ወደ 7 በመቶ ሊስት እንደሚችል ድርጅቱ ራሱ ይናገራል። በ500,000 ዶላር ቤት ላይ ያ 35,000 ዶላር ነው፣ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

መኪና

መኪና ከቤት ይቀላል፣ ምክንያቱም ተመሳሳዩ ብዙ ነው። መኪና ዶት ኔት ላይና ቴሌግራም ላይ ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ማርሹ ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ የኮድ ቁጥሩን አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ፈልጉ። ኮድ 2 (የግል) ከኮድ 3 (የንግድ) ጋር አይወዳደርም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ርካሽ ይመስላል፤ ግን ስም ለማዞር ቀረጡ መከፈል ስላለበት ያንን ደምሩበት። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ስለ ዋጋ ማውራቱን ተዉት።

በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ነገሩን ገለባበጠው። ሌላ አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ይወርዳል፤ እኛ ጋ አሮጌ ቪትዝ ባለቤቱ ከገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት አስገራሚ አይደለም። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ግን ዋጋው ያለው ባትሪው ውስጥ ነው። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ የባትሪው ዋስትና እዚህ አገር የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ። ለሽያጭ ካላችሁ የደላላውን፣ ብዙ ጊዜ 2 በመቶ፣ ቀንሳችሁ አስቡ።

አክሲዮን

የአክሲዮን ሰርተፍኬት ላይ የተጻፈው ቁጥር የአክሲዮኑ ዋጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ያ ሲቋቋም የተሰጠው የተጻፈ ዋጋ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የድርሻውን 10 በመቶ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ የተጻፈ ዋጋ 100 ብር ሲሆን የተሸጠው በ300 ነበር።

መጀመሪያ አክሲዮናችሁ የተመዘገበ መሆኑን እዩ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ላይ በይፋ ተከፍቷል፣ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው የተመዘገበ ኩባንያ ሆኗል። ለተመዘገበ አክሲዮን ሥራው አጭር ነው፤ የገበያውን የቀን ዋጋ ማየት። ግን ዋጋውን ብቻ አትዩ፣ ስንት አክሲዮን እንደተገበያየም እዩ። በቀን ጥቂት አክሲዮን ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እናንተ አንድ ሺህ ይዛችሁ ብትገቡ ያ ዋጋ ይቆያል ብላችሁ አትጠብቁ።

አብዛኛው የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን ግን ገና አልተመዘገበም። ለእሱ የዓመታዊ ሪፖርቱን ፈልጉ፤ ባንኮቹ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል። የምትፈልጉት ሦስት ቁጥር ነው። ጠቅላላ የባለአክሲዮኖች ሀብት፣ የአክሲዮኖች ብዛት፣ የዓመቱ የተጣራ ትርፍ። ለምሳሌ ሀብቱ 12 ቢሊዮን ብር የሆነ ባንክ ባለ 1,000 ብር 8 ሚሊዮን አክሲዮን ቢኖረው፣ በመዝገብ ዋጋ አንዱ አክሲዮን 1,500 ብር ነው። ትርፉ 2.4 ቢሊዮን ከሆነ ለአንድ አክሲዮን 300 ብር ይደርሳል። ታዲያ ገዢው "በ1,000 ልግዛህ" ቢላችሁ ከመዝገብ ዋጋው በታች እየጠየቀ ነው፣ በ2,500 የሚሸጥ ካለ ደግሞ የዛሬውን ትርፍ ከስምንት ዓመት በላይ አስቀድሞ እያስከፈለ ነው ማለት ነው። ትርፉ ሁሉ እጃችሁ እንደማይገባም አስታውሱ፤ መጠባበቂያ ይነሣለታል፣ ካፒታል ለማሳደግ ተብሎ ይያዛል፣ ከሚከፈለው ላይም የትርፍ ድርሻ ግብር ይቆረጣል።

ቀጥሎ ወደ ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ደውሉ ወይም ሂዱ። ዝውውር የሚመዘግቡት እነሱ ስለሆኑ ሰሞኑን ሰው በስንት እንደተስማማ ይሰማሉ፤ በይፋ ባይነግሯችሁም "ከተጻፈው በላይ እየሄደ ነው ወይስ በታች?" ብትሏቸው ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ። ባንኮች አነስተኛ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ በታዘዙበት ሰሞን ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ለነባር ባለአክሲዮን በተጻፈው ዋጋ ሲያቀርቡ ነበር። አዲስ አክሲዮን በ1,000 ብር እየተሸጠ የእናንተን አሮጌ አክሲዮን በ1,800 የሚገዛ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከመሸጣችሁ በፊት ባንኩ በቅርብ አዲስ ሽያጭ አስቦ እንደሆነ አጣሩ።

ወርቅ

ወርቅ ላይ ደላላ አያስፈልግም፣ ካልኩሌተር ይበቃል። የዓለም ዋጋ የሚጠራው በትሮይ አውንስ ነው፣ አንዱ 31.1035 ግራም። ዋጋው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ብቻ መጋቢት ላይ 3,000 ዶላርን፣ ጥቅምት ላይ 4,000ን አልፏል። ለሂሳቡ 4,000 ብለን እንያዝ። ለ31.1035 ሲካፈል አንድ ግራም ንጹህ ወርቅ 128.60 ዶላር ይሆናል። አሁን ካራቱ ነው። 24 ካራት ንጹህ ነው፣ 22 ካራት 91.6 በመቶ፣ 21 ካራት 87.5፣ 18 ካራት 75። ማህተሙ ላይ 916፣ 875፣ 750 ተብሎ ይጻፋል። ከሳዑዲ የመጣ ጌጥ ብዙ ጊዜ 21 ነው፣ ከዱባይ የመጣው ደግሞ 22። 10 ግራም ባለ 18 ካራት ሐብል ውስጥ 7.5 ግራም ወርቅ አለ፣ 964.50 ዶላር ማለት ነው። ዶላሩን 150 ብር ብንይዝ ወደ 144,700 ብር ይሆናል። የራሳችሁን በዕለቱ ዋጋና ተመን ሥሩት። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛበትን ዋጋም እዩ፣ ለማመሳከር ጥሩ ነው።

ይህን ይዛችሁ ወርቅ ቤት ግቡ። ባለሱቁ ሐብሉን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ። ድንጋይ ወይም ዶቃ ካለበት ክብደቱ እንዲቀነስ ይጠይቃል፣ ልክ ነው። ማህተም ከሌለው ጥቁር መፈተሻ ድንጋይ ላይ ያሸዋል፣ አሲድ ጠብ ያደርግበታል፣ መስመሩ ሲጠፋ ወይም ሲቀር ያያል። ከዚያ የሚነግራችሁ ዋጋ ካሰላችሁት ዝቅ ይላል፤ ስትገዙ የከፈላችሁት የእጅ ዋጋ ሲሸጥ አይመለስም፣ እሱም መልሶ ሊያቀልጠው ወይም ሊሸጠው ትርፍ ይፈልጋል። ሦስት ሱቅ ጠይቁ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ አመስግናችሁ ውጡ፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ሚዛኑን ድጋሚ እዩት።

የድሮ ብር፣ ኖትና ቴምብር

እዚህ ላይ ተስፋው ይበዛል፣ ገንዘቡ ያንሳል። የማርያ ቴሬዛ ብር እንውሰድ። ሣጥን ውስጥ አግኝታችሁ 1780 የሚለውን ስታነቡ ልባችሁ ይመታል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ! ግን ያ ዓመት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ነው፤ ብሩ ከዚያ በኋላ ያንኑ 1780 እንደተጻፈበት በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች በሚሊዮን ተመትቷል። የእናንተም ከ1780 ብዙ ቆይቶ የተመታ ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውም እንዲያ ነው።

እንዲህ አድርጉ። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 28.07 ግራም አካባቢ ካልሆነ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ማግኔት አስጠጉበት፤ ከሳበው የብር ማዕድን አይደለም። ዳር ዳሩን በጣት አዙሩትና እዩት፤ "ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ" የሚል የላቲን ጽሑፍ በጌጥ ተከፋፍሎ መዞር አለበት። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ወይም መሃሉ ላይ የቅርጽ መስመር ከታየ በሻጋታ የፈሰሰ ነው። የብር ማዕድኑ ንጽህና 83.3 በመቶ ስለሆነ ውስጡ 23.39 ግራም ንጹህ ብር አለ። የዓለም የብር ዋጋን ለ31.1035 አካፍላችሁ በ23.39 አባዙት፤ ያ የብሩ ወለል ነው። ተራው ማርያ ቴሬዛ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ቀዳዳ ተበስቶ ለአንገት ጌጥ የዋለ ከሆነ ሰብሳቢው ጨርሶ አይፈልገውም፣ የጌጥ ገዢ ግን ሊወደው ይችላል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ሌላ ነገር ነው። ፓሪስ የተመታ ሲሆን በአንድ በኩል የንጉሡ ምስል ዙሪያ "ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ" ይላል፣ በሌላው አንበሳው አለ፣ ዓመቱም እንደ ፲፰፻፹፯ ባለ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል። እዚህ ዓመቱና የብሩ ሁኔታ ዋጋውን በእጅጉ ይለያዩታል። የአንበሳው ጎፈር ፀጉር በፀጉር የሚታይ ከሆነና ፊቱ ካልተፋቀ ሰብሳቢ ይሻማበታል። በዚያው ልክ ለቱሪስት የሚሸጥ ቅጂም ሞልቷል፣ ክብደቱ መጀመሪያ ያጋልጠዋል። በምንም ዓይነት እንዳታጥቡት! በሎሚና በአመድ የተፈተገ ብር ያብረቀርቃል፣ ሰብሳቢ ዘንድ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል።

የት ታዩታላችሁ? ኑሚስታ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የሳንቲሙን ዓይነት ለይታችሁ እወቁ። ከዚያ ኢቤይ ላይ ፈልጉ፣ ግን ፍለጋው ውስጥ "የተሸጡ" የሚለውን ምርጫ አብሩ። ይኼ አንድ ጠቅታ ልዩነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ሰው 900 ዶላር ብሎ ለዓመት የሰቀለው ይጠፋና ሌላው ሰው 60 ከፍሎ የወሰደው ይቀራል። የመጨረሻዎቹን ስድስት ሰባት ሽያጮች ወስዳችሁ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጣሉ።

ኖት ላይ ቁልፉ እጥፋት ነው። ያልታጠፈና የታጠፈ አንድ ዓይነት ኖት በዋጋ አይተዋወቁም። መስከረም 2013 ላይ የተቀየረው አሮጌ 100 ብር ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ ሁሉም ሰው አንድ ሁለት አስቀርቷል፣ ስለዚህ ለልጆች ማስታወሻ አድርጉት። ቴምብርም እንዲሁ ነው። በምኒልክ ዘመን ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ያልተለጠፉት በገፍ ስለተረፉ እንደሚወራው ውድ አይደሉም፤ ፖስታ ላይ ተለጥፈው፣ ማህተም ተመትቶባቸው በእውነት የተጓዙት ናቸው ውዶቹ። ስለዚህ ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡ። ካታሎግ ላይ ያለ ዋጋም የሱቅ ዋጋ እንጂ እናንተ የምትሸጡበት አይደለም፤ ነጋዴ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚሰጣችሁ።

የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀል ወይም ታቦት ነክ ዕቃ እጃችሁ ካለ ግን ይህን ሁሉ ተዉት። በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ባለይዞታውም ማስመዝገብ አለበት። ፎቶ አንስታችሁ ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ፣ ለአሮጌ ሳንቲም እንኳ ይዛችሁ ከመብረራችሁ በፊት ጠይቁ።

የሰበሰባችሁትን አንድ ቦታ ጻፉት

ኤክሴል ላይም ሆነ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ንብረት አንድ መስመር ስጡ፤ ምን እንደሆነ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋው፣ ከየት እንዳገኛችሁት፣ ቀኑ፣ በመጨረሻም ቢሸጥ የሚወጣው ወጪ። ቤት ላይ የደላላው፣ የሽያጭ ትርፍ ግብሩ፣ ያልተከፈለው የሊዝ ወይም የባንክ ዕዳ ይቀነሳል። ውጭ ያላችሁ በብርም በዶላርም ያዙት፣ የተጠቀማችሁበትን ተመን ጎኑ ላይ ጽፋችሁ፤ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ57 ብር ተመን 175,000 ዶላር ነበር፣ ተመኑ 114 ሲሆን በብር ምንም ሳይቀንስ 87,700 ይሆናል። አንዳንዱ ቤተሰብ "ቤቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?" ብሎ ዓመት የሚከራከረው አንዱ ወገን በብር፣ ሌላው በዶላር ስለሚያስብ ነው። ወርቁንና የተመዘገበውን አክሲዮን በየወሩ፣ መኪናውን በየስድስት ወሩ፣ ቤቱን በዓመት አንዴ ብታድሱት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መነካካት ደላላ ማብዛት ነው።